ጥቅሱን ተወውና ቃልህን ላክልኝ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ፣ ሰሞኑን ደግሞ ክፉኛ ለተናደድኩብህ ወንድሜ ለዋይሰን፤

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያስነክስሃል? የምታድርበት ክፍል መስኮቱ መስታወት ገባለት? ጆሃንስበርግ በዚህ ወር ውሃ እስኪረጋ ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ ብርድ ልብስ አለህ? ምን ትበላለህ? ማን ያበስልልሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ መልሱን ማወቅ ስለምፈልግ ነውና እባክህ በመዝሙረ ዳዊት አትመልስልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴም ደህና ነው። ደህና ያልሆነችው ልጄ ታኮንድዋ ናት፤ እሷን እንዲህ ያደረግካት ደግሞ አንተ ነህ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትል። አንተን በስልክ ማነጋገር አቅቶኛል። ገና አፌን ስከፍት ምዕራፍና ቁጥር ትጠራብኛለህ። የማድ ቤታችንን ቆርቆሮ ንፋስ የወሰደው ጊዜ ምን ብናደርግ ይሻላል ብዬ ብጠይቅህ፣ እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ ብለህ ላክህልኝ። ይሁን፣ እውነት ነው፤ ግን ምስማሩን ማን ይምታው? የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ፣ ስንት ዓመት የሰው አትክልት ስትንከባከብ ስለኖርክ መድኃኒቱን ታውቃለህ ብዬ ብለምንህ፣ የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ አልከኝ። ተመለከትኩ ወንድሜ። እነሱም ጠቁረዋል።

የባሰው የጉልበትህ ነገር ነው። እናታችን የልጄ ጉልበት እንዴት ሆነ ብላ አስጽፋኝ፣ ይሮጣሉ አይታክቱም፣ ይሄዳሉ አይደክሙም የሚል መልስ መጣ። እኔ ኢሳይያስ መሆኑን አውቄዋለሁ። እሷ ግን «ይሮጣሉ» የሚለውን ስትሰማ ፖሊስ እያባረረህ ነው ብላ ደመደመች። መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን እየያዙ ነው የሚለውን ወሬ ሰምታ ነበርና ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በየሰዓቱ «አሁንም እየሮጠ ይሆን?» እያለች በር በሩን ታያለች። ያመኛል ወይም አያመኝም ብትል ኖሮ አሮጊቷ የበቆሎ ገንፎዋን፣ ንሲማዋን በልታ በሰላም ታድር ነበር።

ቃሉን ጠልታ ነው እንዳትለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሻሼን አስሬ፣ ለማኅበራችን ሴቶች መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አንተንም ፊደል ያስቆጠርኩህ በዚሁ መጽሐፍ ነው። «በመጀመሪያ» የሚለውን ቃል ማንበብ አቅቶህ ስታለቅስ ንፍጥህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥቅስ ስትልክልኝ ከየት እንደቆረጥከው አውቃለሁ፤ ከላይና ከታች ምን እንዳለም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ታናሼ ብትሆንም፣ በወጋችን ንኮስዌዬ አንተ ነህ። እናታችን ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። እኔ ብታመም፣ ከባሌ ብጣላ፣ ልጄን ብድር፣ ብሞት፣ ተነስቶ ስለ እኔና ስለ ልጆቼ የሚናገረው ሰው አንተ ነህ። የታኮንድዋ አባት እንኳ በዚህ ነገር አፍ እንደሌለው ታውቃለህ፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሩዙን ይበላል። ይህን ሸክም እኔ አልጫንኩብህም። ከአንተ በፊት ንኮስዌያችን የነበረው አጎታችን ሲሞት መቃብሩ ዳር ቆመህ «እሺ» ብለህ የተቀበልከው ራስህ ነህ።

ኤፕሪል ላይ የዳሊትሶ ሰዎች የመጡ ጊዜ እዚህ ሆነህ ብትሰማ እንዴት ባስደሰተህ። ዳሊትሶ ማለት የታኮንድዋ እጮኛ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ረጅሙ ልጅ ነው። የእነሱ ንኮስዌ አጎቱ አቶ ቢኖስ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አውራ ዶሯችን ከዚህ ግቢ አንዲት ቄብ አይቶ እህል አልበላ ብሎናል፤ ምን ይሻላል?» አሉ። እናታችን ቀበል አድርጋ፣ «የእኛዋ ቄብ ከእናቷ ግቢ አትወጣም፤ ለመሆኑ ዶሯችሁ መጫር ይችላል ወይስ መጮህ ብቻ ነው?» አለቻቸው። «ኧረ እሜቴ፣ መጫር ብቻ? መብራትም ይዘረጋል!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ታኮንድዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አፏን በቺቴንጄ ሽርጧ ይዛ ስትስቅ አየኋት። ልጄን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዶሮው ቀን ብቻ ነበር። የእነሱ ንኮስዌ አውራ ዶሮ ይሰጣል፣ የእኛው ቄብ ይሰጣል፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ አለቀ። ማንም አያርድም፣ ማንም ደም አይረጭም፣ ለማንም አይሰዋም። ያለዚያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ራሳቸው የሙሽሮቹን ስም በጉባኤ አያስጠሩም፤ የሁለቱ ወገን ንኮስዌዎች የት አሉ ብለው ይጠይቃሉ። መምጣት እንደማትችል ስትነግረን እሺ አልን። የአክስታችን ልጅ ሄስቲንግስ በቦታህ እንዲቆም ቃልህን ላክልን አልን እንጂ ሌላ ምን ጠየቅንህ? «ሄስቲንግስ ስለ እኔ ይቁም» ማለት ትንፋሽ ያስጨርሳል?

ቅዳሜ ጁን 14 ጠዋት የድምፅ መልእክትህ ደረሰ። ከላዩ «ለቤተሰቤ ያለኝ ቃል» ብለህበታል። ሳልሰማው መተዌ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለአርባ ሰው ሩዝና የፍየል ሥጋ ላይ ነበርኩ፣ ደግሞም አምኜህ ነበር። ሄስቲንግስ «የንኮስዌው ወንበር ባዶ ከሚሆን ስልኩን እናስቀምጥበት» አለ። ወንበሩን በአዲስ ጨርቅ ሸፍነን፣ ስልኩን እንደ ትልቅ ሰው መሃል ላይ አስቀመጥነው። ድምፅ ማጉያውን ከመዘምራን የተዋሰውና ገመዱን የቀጠለው ዳሊትሶ ራሱ ነው። የአማቹን ቃል ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማለት ፈልጎ ነው፣ ምስኪን። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«ወገኖቼ ሆይ፣ ስለዚህ ስለ ዶሮ ጉዳይ ዝም አልልም» ብለህ ጀመርክ። እናታችን መጀመሪያ ድምፅህን በመስማቷ ብቻ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ማርቆስ ምዕራፍ ሰባትን ጠቅሰህ፣ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ትታችሁ የሰውን ወግ ትጠብቃላችሁ አልከን። ቀጥለህም ታኮንድዋ የሰው ንኮስዌ አያስፈልጋትም፣ በአብ ዘንድ ንኮስዌ አላት፣ እሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው አልክ። ልክ እዚህ ላይ፣ በአቶ ቢኖስ ብብት ሥር ያለው አውራ ዶሮ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። ጎረቤታችን አሮጊቷ ቲሳይኔም ድምፅዋን ሳትቀንስ «ይሄኛው ጴጥሮስ ደግሞ ማነው?» አለች። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አቶ ቢኖስ አልሳቁም። መልእክትህ የፈጀውን አሥራ አንድ ደቂቃ ሁሉ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እስከ «አሜን»ህ ድረስ ሰሙህ። ከዚያ ተነሱና «ለስብከቱ እናመሰግናለን። እኛ ግን የመጣነው ለጋብቻ ነበር» ብለው፣ ዶሯቸውን ይዘው፣ ሰዎቻቸውን አስከትለው ሄዱ። አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። ዳሊትሶ ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ ገመዱን ጠቀለለ። ይህን ዓይኔ ካየ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ታኮንድዋ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «እማ፣ አጎቴ ያፈረው በዶሮው ነው ወይስ በእኔ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አሁን የምትለው ደግሞ ሌላ ነው። ዳሊትሶ ሩቅ፣ ምዙዙ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ በኦገስት መጀመሪያ ይሄዳል፤ ዶሮው ቢሰጥም ባይሰጥም አብሬው እሄዳለሁ ትላለች። ልጁ መልካም ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ግን ነገ ቢጣሉስ? አንድ ቀን ክፉ ቀን መጥቶ እጁን ቢያነሳባትስ? «ማን ዘንድ ሄደሽ ትከሺኛለሽ? አንቺን ማን ሰጠኝና?» ቢላት ምን ትመልሳለች? የአሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ልታሰማው ነው? እኔ የምፈራው ይህን ነው ዋይሰን። ዶሮው ምኔም አይደለም። የምፈራው ልጄ ዘመድ እንደሌላት ሰው ከቤቴ መውጣቷን ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እናታችንን በብስክሌት ታክሲ አስጭኜ፣ እኔ በእግሬ ከኋላ እየተከተልኩ፣ አቶ ቢኖስ ቤት ሄድን። ዳገቱ ላይ ነጂው ሁለት ጊዜ አውርዷት ገፋ። በሰባ ስድስት ዓመቷ አንተ ያጠፋኸውን ይቅርታ ልትለምን። ሰውየው ደግ ናቸው፤ እናታችንን ሲያዩ ደንግጠው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ግን ቁርጥ ያለ ነገር ነገሩን። «ጁላይ 26 ቅዳሜ አንድ ጊዜ እመጣለሁ። ሄስቲንግስ ቄቧን ይስጠኝ፣ አልጠላም። ብቻ በእሱ ቦታ የቆመ መሆኑን ንኮስዌው በእጁ ጽፎ ይላክልኝ። ስልክ አልሰማም፤ ስልክ ጠግበናል። ጽሑፉ ካልመጣ ሁለተኛ አልሰደብም» አሉን። ይኸው ወረቀት የሆነበት ምክንያት።

አሁን ስለ ጥቅሱ እንነጋገር፣ አንተ ካልክ አይቀር። ማርቆስ ሰባት ቁጥር ስምንት ላይ ለምን አቆምክ? ሦስት መስመር ወረድ በል። ጌታን ያስቆጣው የማን ወግ ነበር? ሰውየው እናቱንና አባቱን መርዳት ሲገባው «ይህ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቁርባን ነው» ብሎ እጁን የሚሰበስብበት ወግ ነበር። እግዚአብሔርን ሰበብ አድርጎ ከቤተሰቡ የሚሸሽ ሰው ነው እዚያ የተወቀሰው። ይህን ለሴቶቹ ሳነብላቸው አንተ ትዝ ብለኸኝ ማንበቤን አቋርጬ መጽሐፉን ከደንኩት፤ «ፋሌሲ ምን ነካሽ?» አሉኝ። ውሃ ጠማኝ አልኩ።

ንኮስዌ ስለሚለውም ቃል እንዲሁ። በቋንቋችን የተተረጎመው መጽሐፋችን ጌታን በአብ ዘንድ ያለ ንኮስዌ ብሎ ሲጠራው፣ አያቶቻችን ገባቸው። ተነስቶ ስለ እኔ የሚናገርልኝ፣ ስሳሳት የሚቆምልኝ ማለት መሆኑን ከአጎቶቻቸው አይተው ያውቁ ነበር። እሱ በዚህ ሥራ ስም ለመጠራት ካላፈረ፣ አንተ የዴድዛው ዋይሰን ሥራውን ተጸየፍከው? ደግሞስ ቃና ሰርግ ሲጠሩት ምን አደረገ? ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ሄደ። መልእክት ልኮ አልቀረም።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። የምለውን ልበል ወይስ ልተው ብዬ ነው። ልበለው። ባቄላ እየጫነች እዚያ የምትመላለሰው ነጋዴዋ ኔሊ በማርች አይታሃለች። መንገድ ዳር፣ የቀለም ቡሩሽ ይዘው የቀን ሥራ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ቆመህ ነበር። ስትጠራህ ፊትህን በካርቶን ሸፍነህ ወደ ሌላው ወገን ዞርክ። የአትክልት ሥራህን ካጣህ ወራት እንደሆነህም እዚያው ሰምታለች። ለእናታችን አልነገርኩም፤ ኔሊንም አፍሽን ያዢ ብያታለሁ።

እና ጠረጠርኩ ወንድሜ። ከጆሃንስበርግ የሚመጣ አጎት ለእህቱ ልጅ ብርድ ልብስና ድስት ይዞ፣ ሱፍ ለብሶ ነው የሚጠበቀው። አንተ ሱፍ የለህም፤ አንድ ቃል ብትልክ ደግሞ «እሱስ ምን ላከ?» እባላለሁ ብለህ ፈራህ። «እጄ ባዶ ነው» ከምትል ዶሮው ኃጢአት ነው ማለት ቀለለህ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። ካልተሳሳትኩ ግን አንተን ልገርፍህም ላቅፍህም ነው የምፈልገው። የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ሆነህ ጀርባዬ ላይ የሸናህብኝ ልጅ፣ ከእኔ ምን ትደብቃለህ? ማን ብርድ ልብስ ጠየቀህ? ታኮንድዋ ብርድ ልብስ አላት። ድስትም አላት፤ የማኅበሩ ሴቶች ሁለት ሰጥተዋታል። የሌላት አጎት ነው።

ቁርጡን ልንገርህ። ጥያቄው ሄስቲንግስ ያን ቀን ስለ አንተ ይቁም ወይ የሚል ብቻ ነው። ከልብህ ዶሮው ኃጢአት ነው ብለህ ካመንክ አይደለም በልና ጻፍ። እናዝናለን፣ እናለቅሳለን፤ ግን ዘመዶች ተሰብስበው ሄስቲንግስን ንኮስዌ ያደርጉታል፤ እናታችንም ተስማምታለች። ከዚያ ወዲያ ለልጅም ለሐዘንም ማንም አይደውልልህም። ስሞትም አፈሩ ከመመለሱ በፊት ተነስቶ ስለ እኔ የሚናገረው እሱ ይሆናል። ወንድሜ መሆንህን የሚነጥቅህ የለም። ያ ወንበር ግን የሌላ ሰው ይሆናል። አዎን ካልክ ደግሞ ባዶ እጅህን ይዘህ ንኮስዌያችን ነህ፤ ስትመጣም በሌሊት ሳይሆን በቀን፣ በዋናው መንገድ ትገባለህ፣ የሚስቅብህን እኔ አሳየዋለሁ።

እናታችን ጉልበቱን በሞቀ ጨው ይታጠብ ብላሃለች፤ ጉንጭህንም ትስማለች። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፤ ስለሳቀብህ ይቅርታ አድርግልኝ ብሏል፣ ሲናገርም ይስቅ ነበር። ሄስቲንግስ ቦታህን የፈለገ እንዳይመስልህ ንገሪው ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ ነው የደጋገመው። አሮጊቷ ቲሳይኔ «ለጴጥሮስ ሰላምታ» ትልሃለች፤ ቆጣሁባት፣ ግን አልሰማችኝም። ታኮንድዋን ለአጎትሽ ምን ልበልልሽ ብላት «ራሱ ይናገር» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ኔሊ ናት። ከውስጡ ከታኮንድዋ ደብተር በመቀስ የቆረጥኩት ባዶ ወረቀት ታገኛለህ፤ ስፋቱ ከክብሪት ሣጥን አይበልጥም፣ ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት። መልሱን ሳትይዢ ከደጁ እንዳትነሺ ብያታለሁና ስንቋን ይዛ ነው የምትመጣው። አዎን ወይም አይደለም ብለህ ስምህን ጻፍበት፤ ለሌላ ነገር ቦታ የለውም። በዚህ ደግሞ እኔን አትቆጣ። ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የሚለው ማቴዎስ አምስት፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነው። ከዚያ የሚተርፈው ወሬ ከማን እንደሆነም እዚያው ላይ ተጽፏል፤ አንብበው።

እህትህ ፋሌሲ
ዴድዛ፣ ማላዊ
እሑድ፣ ጁን 29 ቀን 2025